ከ07 ወደ 09፦ መስመሮቹ የት ይገናኛሉ?

ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ያለ ነጋዴ በ07 መስመሩ አጋሮ ላለ ቡና አቅራቢ 09 ቁጥር ቢደውል ስልኩ ይጠራል። ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች መስመራቸውን ስላገናኙ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም ከገባ ወዲህ ከ25 ዓመት በላይ አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት (በ09 መስመሩ ባለቤት) እጅ ስለነበር የማገናኘት ጥያቄ ብዙም አይነሳም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ከፈተ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አቋቋመ። የ07 መስመሩ ባለቤት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም በይፋ ሥራ ጀመረ።

የድምፅ ጥሪ ሒሳቡ ግልጽ ነው። የደዋዩ ኩባንያ ጥሪውን ተቀብሎ ለሚያደርሰው ኩባንያ በደቂቃ ይከፍላል። ዳታ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አቅራቢው ወደ ቀሪው ዓለም ለመድረስ ከዓለም አቀፍ ኩባንያዎች መስመር ይገዛል፤ ከአገሩ ተፎካካሪ ጋር ግን ከተስማማ የደንበኞቻቸውን ዳታ በቀጥታ ይለዋወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ለሌላው ሳይከፍል። ብዙ አቅራቢዎች አንድ ቦታ ተገናኝተው እንዲህ የሚለዋወጡበት ስፍራ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል ይባላል።

አገር ውስጥ ካልተገናኙስ? ዳታው ድንበር ይሻገራል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ፋይበሯ ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች የሚደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። ከጅማ ለአጋሮ የተላከ ጆንያ ቡና ጅቡቲ ወደብ ደርሶ እንደመመለስ ያለ ጉዞ ነው፤ ለመስመሩም የሚከፈለው የውጭ ምንዛሬ ነው። ምንዛሬ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ብክነት አይደለም።

የኬንያ ታሪክ በደንብ ሊታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ናይሮቢ ላይ የተከፈተው መለዋወጫ፣ የዓለም አቀፍ መስመሩን በብቸኝነት ይዞ የነበረው ቴልኮም ኬንያ ስለተቃወመ በተቆጣጣሪው ትዕዛዝ ተዘጋ። አቅራቢዎቹ ተሟግተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 መልሰው ከፈቱት። ከ200 እስከ 600 ሚሊሰከንድ ይፈጅ የነበረው የአገር ውስጥ ምልልስ ከ2 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ወደሚሆን ወረደ። ኢንተርኔት ሶሳይቲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አገር ውስጥ ይለዋወጥ የነበረው ዳታ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን በስምንት ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ደርሷል።

መለዋወጫ ብቻውን ግን አይበቃም። ነጋዴው የቡናውን ፎቶ በቴሌግራም ከላከ፣ የኩባንያው ሰርቨሮች ውጭ አገር ስለሆኑ ፎቶው ባሕር መሻገሩ አይቀርም። ጥቅሙ የሚታየው የባንኩ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱና የጅማ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎቶች አገር ውስጥ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ሲቀመጡ ነው። ያን ጊዜ የ07 ደንበኛ በ09 መስመር ላይ ያለውን ገጽ ድንበር ሳይሻገር ይከፍታል።

ለመለዋወጫው የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፦ ማገናኛ ስዊች፣ መብራት የማይጠፋበት ክፍል፣ የሁሉም አቅራቢዎች ፋይበር። ከባዱ ተፎካካሪዎችን ማስማማቱ ነው፤ እሱም የተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሥራ ነው። ኬንያ ከናይሮቢ ሌላ ሞምባሳ ላይም መለዋወጫ አላት። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጅማም ዩኒቨርሲቲዋን፣ ባንኮቿንና የቡና ገበያዋን ይዛ ከዋና ከተማው ውጭ ለሚከፈት እንዲህ ዓይነት ማዕከል ልትታሰብ ይገባታል።