ከኮቪድ-19 በኋላ የማይለቅ ድካም፦ መንስኤውና ይበልጥ የሚያሰጋቸው ሰዎች

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ በበሽታው ተይዘው ካገገሙት መካከል ወደ ቀድሞ ጤንነታቸው ያልተመለሱ አሉ። በደባርቅና በዳባት ገጠሮች እንዲህ ያለው ችግር በዕለት ሥራ ላይ ቶሎ ይታያል። ዳገቱን ሳያርፍ ይወጣ የነበረ ገበሬ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይቀመጣል፤ ከምንጭ ውሃ ቀድታ የምትመለስ እናት ልቧ ይመታል፣ ትንፋሿም ያጥራታል። ጎረቤት ስንፍና ነው ይላል፤ ሌላው ቡዳ ነው ይላል። ሁለቱም ግምት ታማሚውን ይጎዳል፤ ችግሩ ያለው በሰውነት ውስጥ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ብያኔ መሠረት፣ ኮቪድ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ የማይገለጽ የጤና መታወክ የተራዘመ ኮቪድ ይባላል። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የማስታወስ ችግር ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

መንስኤው አንድ ብቻ አይመስልም። በአንዳንድ ታማሚዎች የቫይረሱ ቅሪት በአንጀትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ለወራት ተገኝቷል። በሌሎች ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጠላት ከሄደ በኋላም ትጥቁን እንዳልፈታ ሠራዊት ሆኖ የገዛ አካልን ያጠቃል። የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ሲቆጣና ጥቃቅን የደም መርጋት ሲፈጠር ለጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። የልብ ምትን የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ሲታወክም ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ያዞረዋል። በጽኑ በታመሙት ላይ የሳንባ ጠባሳ ሊጨመር ይችላል።

በዚህ አካባቢ ሰዎች፣ አንዳንዴም ባለሙያዎች፣ የትንፋሽ ማጠርን በከፍታው ያሳብባሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ3 አሥረኛ ያህል ያንሳል። ይሁን እንጂ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ የአካባቢውን ተወላጅ በጣም ዝቅ አድርጎ ሲያሳይ "ደጋ ስለሆነ ነው" ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። መለኪያው ደህና ቢያሳይም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

በጽኑ ታመው ሆስፒታል የተኙ፣ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ከልክ በላይ ወፍራም የሆኑና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ይበልጥ ያሰጋቸዋል። በቀላሉ የታመመም አያመልጥም። መስኮት በሌለው ማድ ቤት በኩበትና በእንጨት ጭስ መካከል እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ሳንባቸው ቀድሞ ሊጎዳ ስለሚችል በእኔ እምነት ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። ከመጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተሰጠው ክትባት ሥጋቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀርም።

ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በቅድሚያ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ የአክታ ምርመራ ይደረግ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና። የደም ማነስም ይታይ። ሥራ በበረታ ማግስት ሕመሙ የሚብስበት ሰው አጨዳውን ከፋፍሎ በየመካከሉ ይረፍ። የደረት ውጋት፣ የከንፈር መጥቆር ወይም የአንድ እግር እብጠት ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።