ዱባን ከነፍሬው ከበሶ ጋር አዘጋጅቶ ስለመመገብ

ዱባ በብዙ ቦታ በጓሮ ከበቆሎ ጋር ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል። ሆኖም ከወጥ አልፎ ለሌላ ምግብ ሲውል ብዙ አይታይም፤ ፍሬውም አብዛኛውን ጊዜ ከመሐሉ ዝልግልግ ጋር ይጣላል። በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባላት በቀላሉ ሊያሳዩት የሚችሉትን፣ መጋገር የማያስፈልገውን የመክሰስ አዘገጃጀት እንገልጻለን።

ሥጋው ደማቅ ብርቱካንማ የሆነ ዱባ ቤታ ካሮቲን የተባለ ንጥረ ነገር ይይዛል። ሰውነታችን ይህን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ያነሳቸው ሕፃናት በዳፍንት ይያዛሉ፤ ጉድለቱ ሲበረታ ዓይናቸው እስከ መጥፋት ይደርሳል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይላቸውም ይዳከማል። ነገር ግን ቤታ ካሮቲን ከሰውነት ጋር በሚገባ የሚዋሐደው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው። ከተላጠ የዱባ ፍሬ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ቅባት፣ ከሩብ የማያንሰው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ቅቤና ዘይት በተወደደበት ቤት፣ ለዱባው የሚያስፈልገው ቅባት በሚጣለው ፍሬ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

በሶ የምንመርጠው ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ በመሆኑ ዱቄቱ ሳይጋገር ስለሚበላ ነው። ያልተቆላ እህል ዱቄት ግን በምንም ምክንያት ሊተካው አይገባም።

ለአንድ ጊዜ ሥራ 2 ብርጭቆ በሶ፣ 1 ብርጭቆ የተደቆሰ ዱባ፣ ግማሽ ብርጭቆ የዱባ ፍሬ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ (በጾም የኑግ ዘይት) እና ጥቂት ጨው ይበቃል። ፍሬው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በለዘበ እሳት ይቆላል፤ ተላጥቶም በሙቀጫ ይወቀጣል። ዱባው ተቆራርጦ በጥቂት ውሃ፣ ድስቱ ተከድኖ ይበስላል። እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን ውሃውን ሳናጠነፍፍ ስላሸነው ሊጡ እንደ ገንፎ ሆነብን፤ ለማጠንከር ብለን የጨመርነው በሶም ጣዕሙን ዋጠው። ስለዚህ ዱባው በሚገባ ተጠንፍፎ፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ተደቁሶ በሶው ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይታሻል። ሊጡ እጅ ሲለቅ በትንንሹ ይድቦለቦላል። ማር መጨመር ይቻላል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ለትንንሽ ልጆች እንዳያንቃቸው ድቡልቡሉን ፈርፍሮ መስጠት ያሻል።

ይህ ምግብ እርጥበት ስላለው በተሠራበት ቀን መበላት አለበት። ጥርጣሬ ካለ ይጣል። ለሽያጭ የሚያስቡ ማኅበራት ድቡልቡሉን ሳይሆን በሶውንና የፍሬውን ዱቄት ደረቅ አድርገው ቀላቅለው ቢያቀርቡ፣ ዱባውን ገዢው በቤቱ ቢጨምር ይሻላል እንላለን። የፍሬው ዱቄት ግን ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ተወቅጦ ብዙ አይከርምም፤ ያልተወቀጠው ፍሬ በደረቅና ነፋሻ ቦታ ይቀመጥ፤ ለጥቂት ቀን የሚሆነው ብቻ ይወቀጥ።

ዱባ ሲቆረጥ እሸት አለመሆኑን በጥፍር ጫን ብሎ ማየት ነው፤ የበሰለ ዱባ ልጣጩ ጥፍር አያስገባም። ከነአንገቱ የተቆረጠና ያልቆሰለ ዱባ ደረቅ ቦታ ላይ ለወራት ይቆያል። ሲቀመስ የሚመር ዱባ ከተገኘ ግን መርዛማ ሊሆን ስለሚችል ቢበስልም አይበላም፤ ፍሬውም ለዘር አይቀመጥም።