ልጃቸውን በድንገት ያጡ ወላጆች በወላይታ ዞን ከሚመለከታቸው ተቋማት የሚጠብቁት አገልግሎት

ልጅ በአደጋ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ በድንገት ሲሞት፣ ወላጆች ገና ከድንጋጤው ሳይወጡ ከሐኪም፣ ከፖሊስና ከቀበሌ ጋር መነጋገር ይገደዳሉ።

ሞቱ በጤና ተቋም ውስጥ የደረሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ተቋሙ ሞቱን የሚያሳውቅ ማስረጃ ይሰጣል። ቤተሰቡ ማስረጃውን አስከሬኑን ሲረከብ አብሮ ቢቀበል ኋላ ከመመላለስ ይድናል።

ሞቱ አደጋ ወይም አጠራጣሪ ሁኔታ ያለበት ሲሆን ፖሊስ ቃል ይቀበላል፤ አስከሬኑም በሐኪም እንዲመረመር ሊያደርግ ይችላል። ለቤተሰብ እጅግ ከባዱ ይህ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ እድርተኛው ተሰብስቦ፣ ቀብር ሲዘገይ ሐዘኑ ይበረታል። ይሁን እንጂ ወላጅ ቃል እንዲሰጥ መጠየቁ ተጠርጣሪ መሆኑን አያመለክትም። ከቀብር በፊት የሚደረግ ምርመራም ኋላ መቃብር ከማስከፈት ይሻላል። ወላጆች የምርመራውን ምክንያት፣ አስከሬኑ የት እንደሚወሰድና መቼ እንደሚመለስ፣ ጉዳዩን የያዘውን መርማሪም ስም መጠየቅ ይችላሉ። አማርኛ የማይቀናቸው ወላጆች በወላይትኛ እንዲነገራቸው ማሳሰብ ይኖርባቸዋል።

ሕፃኑ በተሽከርካሪ አደጋ ሕይወቱ ካለፈ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ካሣ ይጠየቃል። አሽከርካሪው ገጭቶ ቢሰወርና ተሽከርካሪው ባይታወቅም ጥያቄው ለመድን ፈንድ ይቀርባል። ለዚህ የፖሊስ ማስረጃና የሞት ምስክር ወረቀት አስፈላጊ ስለሆኑ ኮፒያቸውን ማስቀመጥ ይበጃል።

የሞት ምስክር ወረቀት የሚገኘው በቀበሌ ባለ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደተደነገገው ሞት በ30 ቀናት ውስጥ ይመዘገባል፤ የማስመዝገብ ግዴታም በቅድሚያ ከሟች ጋር አብሮ ይኖር በነበረ ሰው ላይ ይወድቃል። በሕይወት የተወለደ ሕፃን ልደቱ ሳይመዘገብ ቢሞት ልደቱም ሞቱም ይመዘገባሉ። ብዙ ወላጆች «ከሞተ በኋላ ልደቱ ምን ያደርጋል» ብለው ይተዉታል፤ ነገር ግን ሕፃኑ እንደኖረ የሚመሰክረው ሰነድ ይኸው ነው።

ሕፃኑ ከተወለደ በ28 ቀናት ውስጥ የሞተ እንደሆነ የጤና ባለሙያዎች ወደ ቤት መጥተው ስለ እርግዝናው፣ ስለ ወሊዱና ስለ ሕመሙ ሊጠይቁ ይችላሉ። ዓላማው ተመሳሳይ ሞት እንዳይደገም መማር እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። እናት ዝግጁ ካልሆነች ባለሙያዎቹ በሌላ ቀን እንዲመለሱ መጠየቅ ትችላለች።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ወላጅ ልጁ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል።