የአየር መለኪያ መሣሪያ አስቀድሞ ራሱ ሊለካ ስለ ማስፈለጉ

በገበያ እህል የሚሰፈርበት ቁና ልክ ካልሆነ ወይ ሻጩ ወይ ገዢው መበደሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ቁናው አስቀድሞ ይፈተናል። በአየር ውስጥ ያለውን ጢስና ትቢያ የሚለካ መሣሪያም እንደዚሁ ነው።

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፤ በሲኤምሲ ሰፈር፤ የመኪና ጢስ፤ የግንባታ ትቢያና የማገዶ ጢስ በአንድነት ይገናኛሉ። ከእነዚህም ሳንባን እጅግ የሚጐዳው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ደቃቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ደቃቅ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም፤ በ24 ሰዓት ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ወሰኑ ይህን ያህል ጥቂት ስለ ሆነ የመሣሪያው ስሕተት ፍርዱን ሊለውጠው ይችላል።

የስሕተቱ አንደኛ ምክንያት የአገሩ ከፍታ ነው። ሲኤምሲ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ ግፊት 3 ሊትር የሚሆን አየር በዚህ 4 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። እንግዲህ አየር የሚስበው መሣሪያ በቆላ አገር ልክ ተስተካክሎ ቢመጣና እንዳለ ቢተከል፤ የሳበውን አየር መጠን አሳስቶ ይቈጥራል፤ ደቃቁን ከሻካራው የሚለይበትም ወሰን ይዛባል።

ሁለተኛው ምክንያት እርጥበት ነው። ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑት መሣሪያዎች ደቃቁን የሚገምቱት ብርሃን አብርተው በሚበተነው መጠን ነው። በክረምት ደቃቁ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ መሣሪያው አብዝቶ ይናገራል፤ በበጋ ደግሞ ሻካራውን የመንገድ አቧራ አሳንሶ ያያል።

መድኃኒቱ መሣሪያውን ከታመነ ዋና መለኪያ አጠገብ አቁሞ፤ በክረምትም በበጋም የሁለቱን ቍጥር ማስተያየት ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ በ2016 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ዋና መለኪያ አቁሞ ነበር፤ ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት በየኤምባሲዎቹ የሚለካውን ለሕዝብ ማሳወቁን በየካቲት 2017 ዓ.ም. አቋረጠ። በዚህ ምክንያት ሌሎቹን ዋና መለኪያዎች በጥንቃቄ መጠበቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በየክልሉና በየወረዳው ያሉ ሹማምንት የአየር ልክ በቀረበላቸው ጊዜ፤ መሣሪያው መቼና ከምን ጋር እንደ ተፈተነ፤ አየር የሚስብበት መጠን በዚያው ቦታ ከፍታ መስተካከሉን፤ የተጣራ አየር ሲሰጠውም ዜሮ ማሳየቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ባልተፈተነ ቍጥር ገለባ ያቃጠለ ገበሬ ከጥፋቱ በላይ ሊወቀስ፤ በጢስ መካከል የሚያድግ ሕፃንም ደኅና ነው ተብሎ ሊረሳ ይችላልና።