ሁሉንም «ጨጓራ» አንበለው

ወረታ ላይ ፊቱን የቋጠረ ሰው ካያችሁ «ምን ሆንክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ «ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ነው» የሚል ነው። ደረት የሚያቃጥለውም፣ ሆድ የሚነፋውም፣ ጠዋት የሚያቅለሸልሸውም ሁሉም በዚች አንዲት ቃል ይጠራል። እኔም ለሦስት ዓመት «ጨጓራ አለብኝ» ስል ኖሬያለሁ።

የጀመረኝ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ነው። ትንሽ ስበላ እጠግባለሁ፣ ከእምብርቴ በላይ ያቃጥለኛል፣ ማታ ስተኛ ኮምጣጣ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። አንድ ክሊኒክ ደሜን መርምሮ «ባክቴሪያ አለብህ» አለኝ፤ የታዘዘልኝን ኪኒን ጨረስኩ። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ክሊኒክ ያንኑ የደም ምርመራ ሠርቶ «አሁንም አለብህ» አለኝ፤ ደግሜ ጨረስኩ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄጄ ኢንዶስኮፒ ተሠራልኝ። ሐኪሙ «ጨጓራህ ንጹሕ ነው» ሲለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ታዲያ የሚያቃጥለኝ ምንድን ነው? እናቴ ደግሞ «ሐሳብ ነው ብዬህ አልነበር?» አለችኝ።

እናቴ ግማሽ እውነት ነበራት። ሐኪሞች ይህን ፈንክሽናል ዲስፔፕሲያ ይሉታል። ካሜራ ሲገባ ቁስል አይታይም፤ የተዛባው አሠራሩ ነው። በአንጎልና በሆድ መካከል የሚመላለሰው የነርቭ መልእክት ይረበሻል፣ ጨጓራ ምግብ ሲገባበት እንደሚገባው ላላ ብሎ አይሰፋም፣ ሌላው ሰው የማይሰማው ነገር ለኛ ሕመም ይሆናል። ጭንቀት ያባብሰዋል፤ ፈጠራ ግን አይደለም። በዚህ ዓይነት ሕመም ኢንዶስኮፒ ከሚሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንደኔው ቁስል የማይገኝባቸው ናቸው።

በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ33 አገሮች ከ73 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በኢንተርኔት ከተጠየቁት ውስጥ ከ40 በመቶ የሚበልጡት ከእነዚህ የአሠራር ችግሮች ቢያንስ አንዱ ነበረባቸው። ከአፍሪካ ግብፅ፣ ናይጄሪያ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ተካተዋል፤ እኛ የለንበትም። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ ያበሳጫል፤ ያልተቆጠረ ነገር በጀት አይመደብለትም። ወረታ ውስጥ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለን። ሩዙን ጎንበስ ብሎ የሚያርመው ሰው ሆድ ግን ገና ቆጣሪ አላገኘም።

እኛ አገር በደንብ የተቆጠረው ባክቴሪያው ነው፦ ኤች ፓይሎሪ። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 ይህን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ታሞ፣ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ስለዚህ ቀልድ አይደለም፤ ቁስለትም ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። ግን በኢትዮጵያ የተሠሩ 37 ጥናቶችን የደመረ የ2019 ሥራ ከተመረመሩት 52 በመቶው ባክቴሪያው እንዳለባቸው አሳይቷል። አስቡት፤ ግማሹ ሰው ካለበት «አለብህ» መባል ብቻውን የማቃጠሉ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ላይ በደም የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። መዳን አለመዳኑን የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ዙር ኪኒኔ ገንዘቤን የበላው በከንቱ ሳይሆን አይቀርም።

ኦሜፕራዞልንም ስወስድ የኖርኩት በስህተት ነው። ሲያቃጥለኝ ነበር የምውጠው። ይህ መድኃኒት የሚዘጋው ምግብ ሲመጣ ሥራ የሚጀምሩትን የአሲድ ፓምፖች ስለሆነ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት መወሰድ አለበት። ማታ ወደ ጉሮሮ ለሚመጣው ደግሞ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግና በግራ ጎን መተኛት ይረዳል።

«ተልባ ጠጥቼ ዳንኩ» ለምትሉ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኔም እጠጣለሁ፣ አልቃወምም። ግን ይህ ሕመም በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይበርዳል። እኛ ደግሞ ተልባ የምንጠጣው በባሰብን ቀን ነው፤ ከባሰበት ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንጀታቸው የሚረበሽ 80 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን፣ ያውም «መድኃኒት የለበትም» ተብሎ ተነግሯቸው ተሰጣቸው። 59 በመቶው በቂ እፎይታ አገኘሁ አሉ፤ ምንም ካልተሰጣቸው ግን 35 በመቶው። ስለዚህ «እኔን አድኖኛል» ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ሳውቅ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

አጎቴ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያመርታሉ። ክረምት ላይ ውኃ ውስጥ ቆመው ሲያርሙ ይውሉና ወገባቸውን ይይዛቸዋል፤ ዳይክሎፌናክ ገዝተው ይውጣሉ። ባለፈው ዓመት «ጨጓራዬ አስቸገረኝ» ሲሉኝ ያነበብኩትን ዘረገፍኩላቸው፦ «ጋሼ፣ ጭንቀት ነው፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ተልባ ይጠጡ፣ እራት ያቅልሉ።» ስለ ኪኒኑ አልጠየቅኩም። ስለ ሰገራቸው ቀለምም አልጠየቅኩም። በአሥረኛው ቀን እርሻ ላይ ወደቁ። ባሕር ዳር ሲደርሱ የጨጓራ ቁስላቸው እየደማ ነበር፤ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። ሰገራቸው ለሳምንት ያህል እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደነበር የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ።

ስለዚህ «ጨጓራ ነው» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሰገራው ጠቁሯል? ደም ያስታውካል? ምግብ ሲውጥ ይይዘዋል? ሳይፈልግ ከስቷል? ሲነሳ ያዞረዋል? ማስታገሻ ይወስዳል? ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ «አዎ» ከሆነ ስልካችሁን አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ሰገራው የጠቆረ ወይም ደም የሚያስታውክ ከሆነ በዚያው ሰዓት። ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትውጡ። የኛ አካባቢ ሰው ከሆነ የሰገራ ምርመራ ይጠይቅ፤ በጣና ዙሪያ ባለው ውኃ ቢልሃርዝያ አለና።

አጎቴ ዘንድሮም ሩዝ ዘርተዋል። ወገባቸውን ሲያማቸው አሁን ፓራሲታሞል ነው የሚወስዱት። ባገኙኝ ቁጥር ደግሞ ይስቁብኛል፦ «አንተ ልጅ፣ ያ ተልባህ ሊቀብረኝ ነበር እኮ!» እኔ ግን እስካሁን መሳቅ አልቻልኩም።