መኪናው ቀላል፣ ወጪው ከባድ

በፌብሩዋሪ 1989 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ፣ የጨርቅ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና በአሜሪካ የቺካጎ አውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። የተተመነላት መነሻ ዋጋ 13 ሺህ 800 ዶላር ነበር። ገበያው ግን ይህን ተመን አላከበረም። ፈላጊው በዝቶ አቅርቦቱ ሲያንስ ሻጮች በተለጠፈው ዋጋ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር እየጨመሩ ሸጡ፤ ገዢውም ተሻምቶ ከፈለ። ኤም.ኤክስ-5 የተባለችውና በአሜሪካ ሚያታ በሚል ስም የምትታወቀው ይህች መኪና በ2000 ምርቷ ከግማሽ ሚሊዮን አልፎ በዓለም ብዙ የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ተብላ በጊነስ መዝገብ ሰፈረች። በኤፕሪል 2016 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመርታለች።

የመጀመሪያዎቹ ሚያታዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ከገበያ ግን አልወጡም። በአሜሪካ በርካታ ባለቤቶች አሮጌ ሚያታ ገዝተው፣ ክፍያ እየፈጸሙ በውድድር ትራክ ላይ ይነዷታል። ዋጋዋ ከሌሎች ስፖርት መኪናዎች አንጻር ዝቅ ያለ በመሆኑ ብዙዎች በርካሽ የገቡ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የመግዣው ዋጋ የመግቢያ ትኬት ብቻ ነው። ዋናው ሂሳብ የሚጀምረው መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ ሲሆን፣ አትራፊውና ከሳሪው የሚለዩትም ገንዘቡ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደወጣ ታይቶ ነው።

ክብደት ራሱ ገንዘብ ነው

የመጀመሪያዋ ሚያታ ክብደት 950 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ 116 የፈረስ ጉልበት ነው። ሲካፈል ለአንድ የፈረስ ጉልበት 8 ኪሎ ከጥቂት ይደርሰዋል። ባለቤቱ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ ምንጣፉንና ኤርኮንዲሽነሩን አውርዶ 50 ኪሎ ቢቀንስ፣ ሞተሩን ሳይነካ 6 የፈረስ ጉልበት ያህል እንደ ጨመረ ይቆጠራል። ከሞተር የተገኘ ጉልበት ተጨማሪ ነዳጅና ሙቀት ያስከፍላል። ክብደት በመቀነስ የተገኘው ግን ፍሬኑንም ጎማውንም ያሳርፋል።

ይህን በፍሬን ላይ ማየት ይቻላል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ 950 ኪሎ መኪና ፍጥነቷን ወደ 80 ስትቀንስ የሚፈጠረው ሙቀት ሁለት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። መኪናው 1 ሺህ 600 ኪሎ ቢሆን ሙቀቱ ለሦስት ሊትር ተኩል በበቃ ነበር። ትራክ ላይ ይህ በየዙሩ እየተደጋገመ ይመጣል። ስለዚህ ከባዱ መኪና ሸራና ዲስክ የሚጨርሰው በፍጥነት ሲሆን፣ ቀላሏ መኪና ግን ገና ከጅምሩ ቆጣቢ ናት።

መጀመሪያ ማቆም፣ ኋላ መሮጥ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የወረደ የአይሱዙ ሹፌር ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። ፍሬን ሲግል መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀጥሎ መያዝ ያቅተዋል። የትራክ ነጂም ችግር ይኸው ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ያለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ቢረገጥም ሸራው ዲስኩን አይጨብጥም። በመሆኑም የመጀመሪያው ወጪ አዲስ የፍሬን ዘይትና ሙቀት የሚችል ሸራ መሆን ይገባዋል። ይህ ከሁሉም ለውጦች ርካሹ ሲሆን ሕይወት የሚያተርፈውም እርሱ ነው። ከ1994 ሞዴል ጀምሮ የመጡት ባለ 1.8 ሊትር ሚያታዎች የፊት ዲስካቸው ከ235 ወደ 255 ሚሊ ሜትር ስላደገ፣ የአሮጌዋ ባለቤት ይህንኑ ፍሬን ከተፈታ መኪና ገዝቶ ሊገጥም ይችላል።

ጣሪያዋ ጨርቅ ስለሆነም መኪናዋ ብትገለበጥ ራስን የሚያድን የብረት ቅስት ከመቀመጫው ጀርባ መገጠም አለበት። ብዙ የትራክ አዘጋጆች ያለዚህ ክፍት መኪና አያስገቡም።

ውሃው የት ይደርሳል?

የሚያታ ሞተር መሠረቱ የፊት ጎማዎችን ለሚያሽከረክሩ የማዝዳ የቤት መኪናዎች ተብሎ በአግድም የተነደፈ ነው። በሚያታ ውስጥ ርዝመቱን ተከትሎ ሲቀመጥ የውሃ መውጫው ወደ ፊት ተዛወረ። በዚህ ምክንያት ከኋላ ያለው አራተኛው ሲሊንደር የሚያገኘው ቀዝቃዛ ውሃ ያንሳል። በከተማ መንገድ ይህ ችግር አያመጣም። ግማሽ ሰዓት ያህል ፔዳሉ እስከ ወለሉ በሚረገጥበት ትራክ ላይ ግን የቴስታታውን ጓርኒሲዮን የሚያቃጥል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ራዲያተር መግጠምና የውሃውን መውጫ ወደ ኋላ መመለስ የተለመደው መፍትሔ ነው።

የሞተሩ ቺንጋ በ60 ሺህ ማይል፣ ማለትም በ97 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ ሲኖርበት፣ የውሃ ፓምፑም ያን ጊዜ አብሮ ቢለወጥ ድርብ የጉልበት ዋጋ ያድናል። ከ1991 አጋማሽ በፊት የተሠሩትን ሚያታዎች የሚገዛ ሰው ደግሞ የሞተሩን ዋና ዘንግ ጫፍ ሳያስመረምር ገንዘብ ባይቆጥር ይሻላል። የእነዚህ ዘንግ አጭር ስለሆነ ፑሌጃው ላልቶ ጫፉን የመብላት ልማድ አለው፤ ጥገናውም ሞተር እስከ መለወጥ ይደርሳል።

የጎማው ነገርም እንዲሁ ነው። መሬት አጥብቆ የሚይዝ የትራክ ጎማ ሰዓቱን ያሻሽላል፤ ነገር ግን የፊት እግሮች ኩሺኔታ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል። ኩሺኔታ ለዚህች መኪና እንደ ሸራ በየጊዜው የሚለወጥ ዕቃ ነው። የፊት ጎማዎች አናታቸው ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ካልተስተካከለም የውጭ ጠርዛቸው ብቻ ያልቅና አዲስ ጎማ ከነግማሽ ዕድሜው ይጣላል።

የጉልበት ወጥመድ

ብዙዎች የሚከስሩት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ቱርቦ በመግጠም። ተጨማሪው ጉልበት ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮውን ይፈትናል፤ በባለ 1.6ቷ ላይ ያለውን አነስተኛ ዲፈረንሻል ይሰብራል፤ ራዲያተሩንም ያንሰዋል ያሰኛል። አንዱ ወጪ ሌላውን እየጠራ መኪናዋ ከትራክ ይልቅ ጋራዥ ታድራለች።

በአሜሪካ «ስፔክ ሚያታ» የተሰኘው የውድድር ዘርፍ የተስፋፋው ይህን መንገድ በመዝጋቱ ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ሞላና አሞርዛተር እንዲገጥም ይገደዳል። መለኪያው አንድ ሲሆን መለዋወጫውም ያገለገለው መኪናም ገዢና ሻጭ በቀላሉ የሚገናኙበት ገበያ አገኘ።

ሂሳቡ ሲዘጋ

ጋራዥ ውስጥ የፈሰሰ ገንዘብ በሽያጭ ጊዜ እንዳለ አይመለስም። ቀጣዩ ገዢ የሚከፍለው ለመኪናዋ እንጂ ለቀድሞው ባለቤት ደረሰኝ አይደለም። ስለዚህ ብልህ ገዢ ሌላው ከፍሎ ያሻሻላትን መኪና ይፈልጋል። ባለሙሉ ዕቃና ያልተነካች ሚያታ ያገኘ ደግሞ መቁረጥ የለበትም። ማዝዳ ራሱ በ2017 በጃፓን የመጀመሪያዎቹን ሚያታዎች የማደስ አገልግሎት እንደሚጀምር ማስታወቁ፣ ንጹሕዋ አሮጌ መኪና ቅርስ ወደ መሆን እየሄደች መሆኗን ያመለክታል። ለትራክ የሚሆነው ቀለሙ የተጎዳ፣ ወለሉና የጎን ብረቱ ግን ያልዛገ ነው።

ኢንሹራንሱም ይታሰብበት። ብዙ የአሜሪካ መድን ውሎች በትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ለዚያ የተለየ ውል መግዛት ያስፈልጋል። ያን ያልገዛ ሰው ትራክ ይዞ መግባት ያለበት ቢያጣት የሚችላትን መኪና ነው።

ፍሬን፣ ውሃ፣ ጎማ፣ በመጨረሻም ጉልበት። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ዕጣው በተረት የታወቀ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።