የአሮጌ ቤት ቧንቧ የሚያፈሰው የት ጋ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ውሃ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ሲጠፋ ነው። ፈረቃው ዛሬ ነው ወይስ ነገ፣ ሮቶው ሞልቷል ወይ፣ ጀሪካኖቹ ታጥበዋል ወይ ይባላል። የመጣው ውሃ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ሲፈስ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የወሩ ሒሳብ ሲያሻቅብ ጣት የሚቀሰረው ቆጣሪው ላይ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ሲላጥ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ቆጣሪም ሊበላሽ፣ ቀለምም በራሱ ሊላጥ ይችላል። ሠላሳና አርባ ዓመት ባስቆጠረ ቤት ውስጥ ግን መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ቧንቧው ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለቤቱ በተተወ ነበር። ነገር ግን በመስመሩ ውስጥ ግፊት ሳለ ውሃ የሚያፈሰው ቀዳዳ፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን መሳብ ይጀምራል። ፈረቃው ያልቃል፤ ቁልቁል ያለ ጎረቤት ቧንቧውን ይከፍታል፤ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ከኋላው ያለውን ይጎትታል። ያን ጊዜ ያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን እርጥብ አፈር፣ አጠገቡ ማንሆል ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለም የእሱን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ያስገባል። ውሃው ሲመለስ በመጀመሪያ ወደ ጀሪካንና ወደ ድስት የሚወርደው ይህ ነው። በፈረቃ በሚኖር ከተማ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ከሒሳብ ይልቅ የጤና ጉዳይ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

ለምሳሌ በ1950ዎቹ ጉለሌ አካባቢ የተሠራ አንድ ቤት ቢታይ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ቧንቧው ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ማለትም ገበያው «ጋልቫናይዝድ» የሚለው መሆኑ የተለመደ ነው። ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ እሱ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቧንቧ በደህናው ጊዜ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል። ቀድሞ የሚሸነፈው ግን ጫፉ ነው። ጥርስ ሲወጣለት ዚንኩ ይላጣል፣ የብረቱም ውፍረት ይቀንሳል። ስለዚህ ፍሳሹ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክርኑ፣ ቲው ወይም ኒፕሉ ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ፈረቃ ይህን ያባብሳል፤ አንድ ቀን ሞልቶ ሁለት ቀን ባዶ የሚውል ቧንቧ እርጥብ ሆኖ ለአየር ስለሚጋለጥ ዝገቱ ይፋጠናል። የጎረቤቱ ውሃ ጥርት ብሎ ሳለ የአንዱ ቤት የመጀመሪያ ባልዲ ብቻ ቡናማ ከሆነ፣ ዝገቱ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

የጭቃ ቤት ሌላም ችግር አለበት። የሲሚንቶ ልስን እርጥበት በቀላሉ አያስወጣም። ከጀርባው ቧንቧ ሲያፈስ ጭቃው እየጠጣ ይላላል፣ ጭዱ ይበሰብሳል፣ መሬት ውስጥ የገባው የግድግዳ እንጨት ከግርጌው ይሻግታል፣ ምስጥም እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል። ከውጭ የሚታየው ግን ደህና የሚመስል ልስን ነው። በጣት መገጣጠሚያ ሲንኳኳ ጤነኛው ግድግዳ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጭቃው የከዳው ቦታ ባዶ ያስተጋባል። ያ ቦታ በመሮ ሲከፈት ከልስኑ ጀርባ የሚዛቀው ጭቃ እንደ ሊጥ በጣት ይቦካል። ግድግዳው እዚህ ደረጃ ከደረሰ ቧንቧ ሠራተኛ ብቻውን አይበቃም፤ የእንጨቱን ሁኔታ የሚያይ ሰውም ያስፈልጋል።

እርጥበት ሁሉ የቧንቧ አይደለም። ነሐሴ ላይ ታይቶ ጥቅምት ላይ የሚደርቀው በአብዛኛው ከጣሪያ፣ ከአሸንዳ ወይም ከመሬት የመጣ የክረምት ውሃ ነው። ጥርና የካቲት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሚረጥብ ግድግዳ ግን ሌላ ምንጭ አለው። ውሃ በመጣ ቀን ሰፍቶ በጠፋ ቀን የሚጠብ ከሆነማ ምንጩ ቧንቧው ለመሆኑ ብዙም አያጠራጥርም። ቅርጹም ይናገራል፤ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት በግድግዳው ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ የቧንቧው ግን አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ከዚያ ይስፋፋል።

አንድም ጡብ ሳይነቀል በፊት ግን ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ አለ፤ እሱም ቆጣሪው ነው። መጀመሪያ መስመሩ ላይ ውሃ መኖሩ ይረጋገጣል፤ ባዶ መስመር ላይ የሚደረግ ምርመራ ከንቱ ነው። ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ሥራውም የሌሊት ነው። ሮቶው እስኪሞላ ይጠበቃል ወይም መግቢያው ይዘጋል፤ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያም ይሞላል፤ የቤቱ ቧንቧዎች በሙሉ ይዘጋሉ። ከዚያ የባትሪ ብርሃን ይዞ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ መሰል ሽክርክሪት ማየት ነው። እየዞረች ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ውሃ እንደመጣ ወዲያው ከታየች ግን ታሳስታለች፤ በመስመሩ የታመቀ አየር ወዲያና ወዲህ ያነቃንቃታልና መስመሩ እስኪረጋ መታገሥ ያስፈልጋል። ፍሳሹ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ጥቁሩንም ቀዩንም ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ማንም ውሃ ሳይነካ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማወዳደር ይሻላል። ጥቁሮቹ ሙሉ ኪዩቢክ ሜትር ናቸው፤ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ሊትር ይቆጥራሉ።

ቀጥሎ መከፋፈል ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ቫልቭ ሲዘጋ ኮከቧ ከቆመች ፍሳሹ ከቫልቩ ወዲህ፣ ወደ ቤቱ ነው። ካልቆመች ወይ በቆጣሪውና በቫልቩ መካከል ነው፣ ወይም ቫልቩ ራሱ በደንብ አይዘጋም። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ ቫልቭ በኃይል ከተጠመዘዘ እንደሚሰበር መርሳት አይገባም። ቀስ ብሎ ወደዚያም ወደዚህም እያላወሱ ማላላት ይሻላል። በዚህ መንገድ የወጥ ቤቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱና የሰርቪስ ቤቱ መስመር በየተራ ሲዘጋ ጥፋተኛው ይለያል። ግቢውን አቋርጦ ወደ ሰርቪስ የሚሄድ መስመር ካለ በበጋ ሣሩ ብቻውን የለመለመበትን ቦታ ማየትም ይረዳል።

ከሮቶ በታች ያለውን መስመር ቆጣሪው ወዲያው አያሳይም። መስመሩ ላይ ውሃ በሌለበት ሌሊት የሮቶው የውሃ ከፍታ በውስጥ በኩል ምልክት ይደረግበትና ጠዋት ይታያል። ማንም ሳይጠቀምበት ከወረደ ከሮቶው በታች ፍሳሽ አለ። የተገላቢጦሹም አለ፤ ተንሳፋፊው ኳስ ስለተበላሸ ሌሊቱን ሙሉ ከላይ የሚፈስና በጣሪያው በኩል ወደ ኮርኒስ የሚገባ ሮቶ ብዙ ቤት ጎድቷል።

ጠብታ የተናቀ ነገር ነው፤ ሲለካ ግን ያስደነግጣል። ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር መለኪያ ይቀመጥ። በ10 ደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ካጠራቀመ በቀን 14.4 ሊትር፣ በ30 ቀን 432 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ሞልቶ የሚተርፍ ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያፈስ ቀዳዳ ደግሞ በቀን 1,440 ሊትር ይወስዳል። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር ዋጋም የሚጨምርበት ስለሆነ፣ ፍሳሹ ቤተሰቡን ወደ ውዱ እርከን ይገፋዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደበቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። ድምፅም እርጥበትም ሳይኖረው ውሃው ከማጠራቀሚያው ወደ መቀመጫው፣ ከዚያም ወደ ፍሳሽ መስመሩ ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው፤ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሮ ሳይለቁ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። መቀመጫው ውስጥ ቅላት ከታየ የማጠራቀሚያው የታች ጎማ ጥቅሙን ጨርሷል። ጎማውን መቀየር ርካሽ ሥራ ነው፤ ለዓመታት ካፈሰሰው ውሃ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በግድግዳ ውስጥ ያለውን ቦታ ለማግኘት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ጆሯቸውን ይጠቀማሉ። ሰፈሩ ጸጥ ሲል የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ ይደረጋል። በግፊት የሚወጣ ውሃ በብረት ላይ ፉጨት መሰል ድምፅ ያሰማል፤ ወደ ቀዳዳው ሲቀርቡ ይጎላል። ይህ የሚያገለግለው ለብረት ነው፤ ፕላስቲክ ቧንቧ ድምፁን ስለሚያፍነው ሩቅ አይሰማም። እርጥበቱ የታየበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው ብሎ መደምደምም አይገባም። ውሃ በቧንቧው ጀርባ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

በኮንዶሚኒየም ደግሞ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ሲንጠባጠብ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል። ጠቡ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጠብታው ላይ ቤት ሰው ባይኖርም የማያቋርጥ ከሆነ የሚያፈሰው ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ ነው፤ ሻወር ሲወሰድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሳሽ መውረጃው ወይም የወለሉ ሴራሚክ መጋጠሚያ ነው። ሁለቱ የተለያየ ሥራና የተለያየ ወጪ አላቸው።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ ሌሊት ለፈነዳ ቧንቧ ከመነዳሪ ቆርጦ ጠቅልሎ በብረት ማሰሪያ ማጥበቅ እስከ ጠዋት ያቆየዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አይታመንም። ዘላቂው ጥገና የተበላውን ቁራጭ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚጎዳው በአንድ መፍቻ ብቻ በመሠራቱ ነው። አንዱ መፍቻ ቧንቧውን ይዞ ሌላው መገጣጠሚያውን ካልፈታ፣ ጉልበቱ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው የዛገ ጥርስ ይሄድና ሌላ ፍሳሽ ይወልዳል። ቴፍሎኑም ሆነ ቃጫው ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ይገፈፋል።

ዛሬ አብዛኛው ሠራተኛ የተበላውን ብረት ፒፒአር በሚባለው ፕላስቲክ ቧንቧ ይተካል። መበየጃ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ ያህል ይቀልጣል፤ ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባና እስኪቀዘቅዝ አይነካም። ጫፉ ላይ ጠብታ ካለ ብየዳው አይይዝም። የአሮጌ ቤት ቫልቭ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ውሃው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። ፒፒአር ፀሐይ ላይ ከዋለ ያረጃልና ከቤት ውጭ የሚያልፈው መሸፈን አለበት። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪኩ «ኧርዝ» ከብረት ቧንቧው ጋር የታሰረ ነው፤ መሃሉ በፕላስቲክ ሲተካ ያ መከላከያ ይቋረጣል። ስለዚህ ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማማከር ሕይወት ያድናል፤ ቦይለር ወይም የኤሌክትሪክ ሻወር ባለበት ቤት ደግሞ የግድ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ግድግዳ ከረጠበም አስቀድሞ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ።

አንድ መስመር ሁለት ሦስት ቦታ ካፈሰሰ በየቦታው መጣፍ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቧንቧው በሙሉ አርጅቷል። ጭቃ ግድግዳ እየቦረቦሩ አዲስ ከመቅበር ይልቅ አሮጌውን ዘግቶ አዲሱን በግድግዳው ላይ በማሰሪያ ማሳለፍ የተሻለ ነው። መልኩ ላያምር ይችላል፤ ነገር ግን ግድግዳው አይቆስልም፣ ነገ ቢያፈስም ወዲያው ይታያል።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ተከራይ ፍሳሽ ሲያይ ለአከራዩ ዛሬውኑ ይንገር፤ አከራይም የተከራይ ሒሳብ ነው ብሎ አይተወው፤ የሚፈርሰው የእሱ ግድግዳ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ፣ መንገድ ላይ ወይም አጥር ሥር ውሃ ሲፈስ ያየ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነፃ መስመር 906 ነውና የሰፈሩን ምልክት ይዞ ይደውል።